የሆርሞን እናት

በሽታ ከጎዳው ሰው ይልቅ «ለእኔ ግን በጣም ሠርቶልኛል» የሚል ዘመድ የጎዳው ሰው ሳይበልጥ አይቀርም። እንዲህ ያለ ዘመድ የሌለበት ቤተሰብ የለም፤ «የእኛ ቤት የለም» የሚል ካለ ዘመዱ እሱ ራሱ ነው። ግንባርህን በእጅህ ስትነካ ካየህ አለቀልህ፤ ኪሱ ውስጥ አንድ ነገር አለ። የሚታመም ሰው ሲያጣ ደግሞ «ምነው ፊትህ ገረጣብኝ?» ብሎ ራሱ ያሳምምሃል። ሐኪም ቢያጠፋ ትከሰዋለህ፣ ፋርማሲስት ቢሳሳት ትጮህበታለህ። ዘመድ ግን የሚሰጥህ በፍቅር ነው። ስለዚህ አመስግነህ ትውጣለህ፣ አመስግነህ ትታመማለህ።

የእነዚህ ሰዎች ሁሉ አንጋፋ ጋሼ ፍቱን ናቸው። ይህ ታሪክ በእሳቸውና በታናሽ ወንድማቸው ሚስት መካከል የሆነው ነው። ሴትየዋ እስከ ዛሬ ንዴቷ አልበረደም። ሊበርድም አይገባም።

«ፍቱን» እናታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ ግማሹ አምኖ፣ ግማሹ አሹፎ። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሆስፒታል ሠርተዋል፤ ይህን ሲናገሩ አይዋሹም። የሠሩት ግን ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ነው። አንሶላ፣ ትራስ፣ መጥረጊያ፣ ባልዲ፣ የአልጋ ጎማ ሲያስገቡና ሲያወጡ ኖረዋል። አቧራ እንዳይነካቸው ነጭ ጋዋን ይለብሱ ነበር። ጡረታ ሲወጡ ጋዋኑን አስረከቡ። ጋዋኑ ያመጣላቸውን ማዕረግ ግን ማንም «አስረክቡ» ስላላላቸው ይዘውት ቤታቸው ገቡ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰፈርተኛው ያውቃል። ታናሽ ወንድማቸው፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ቁርጭምጭሚቱን ትንኝ ነክሶት ቢያብጥ «ኩላሊትህ ነው» ብለው ወር ሙሉ ጨው ከለከሉት። የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ መመለጥ ሲጀምር ደም ወደ አናቱ እንዲወርድ ብለው ከአልጋው ግርጌ ሥር ጡብ አስገብተው ቁልቁል አስተኙት። ሰውየው ፀጉር አላበቀለም፤ አንገቱ ግን እስካሁን ወደ ግራ አይዞርለትም። ጥፋት ሲመጣ ጥፋቱ የእሳቸው ሆኖ አያውቅም። «አንተ አላመንክበትም» ይላሉ፣ በሐዘኔታ ራሳቸውን እየነቀነቁ።

የንባብ ልማዳቸውም ለብቻው ነው። ብልቃጥ ሲያነሡ ፊቱ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ጮክ ብለው ያነባሉ። ጀርባው ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ደግሞ «እሱ ለጠበቆች የተጻፈ ነው» ብለው ያልፉታል። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለበሬ ይመስለናል። በሬ እንኳ ገደል የሚገባው ብቻውን ነው፤ ጋሼ ግን ዘመድ አዝማድ አስከትለው ነው።

የወንድማቸው ሚስት የመናኸሪያ አስተዋዋቂ ናት። ከተሳፋሪው አዳራሽ በላይ በመስታወት በታጠረች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ስፖንጁ በወጣ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ አውቶቡሶችን በየተራ ትጠራለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ቀጭን ሆኖ ግን ጆሮ አይወጋም። ሾፌሮቹ «እሷ የጠራችው አውቶቡስ ያመለጠው ሰው እንኳ አይሳደብም» ይሉ ነበር። የምትኮራበት ነገር ብዙ አልነበራትም፤ በዚህ ግን ትኮራ ነበር። ቤቷ ስትቆጣ እንኳ አትጮህም፤ አንጥረኛ በመዶሻው በር አያንኳኳም።

አርባዎቹን እያገባደደች ሳለ እንቅልፍ ከዳት። ላብ ያጠምቃታል፣ ጉልበቷ ይዝላል፣ የወር አበባዋ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይቀራል። ይህ በብዙ ሴት ላይ የሚደርስ የዕድሜ ነገር ነው፤ ሐኪም ማየት ይበቃ ነበር። የእሷ ስህተት አንድ ነው። አንድ እሑድ ጋሼ ፍቱን ለጥየቃ መጥተው በተቀመጡበት፣ እሳቸው እየሰሙ «ደከመኝ» አለች።

ጋሼ ይህን ቃል ድመት የዓሣ ሽታ እንደምትሰማ ነው የሚሰሙት። እጃቸውን ኮታቸው ውስጥ አስገብተው አንድ ነጭ ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ አቆሙ።

«ይኼ መድኃኒት አይደለም» አሉ። «መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ፋርማሲ ይሸጥ ነበር። ይኼ የሚሸጠው ስፖርተኞች ዱቄታቸውን ከሚገዙበት ሱቅ ነው። ምግብ በይው።»

«ሆርሞን ነው እንዴ፣ ጋሼ?»

«ሆርሞንማ አደገኛ ነው። ይቺ የሆርሞን እናት ናት። አንቺ ዝም ብለሽ ትውጫታለሽ፣ እሷ ሆድሽ ገብታ የጎደለሽን ትወልድልሻለች። ጉልበት ከጎደለሽ ጉልበት፣ እንቅልፍ ከጎደለሽ እንቅልፍ። ሰውነት ያውቃል።»

«እስቲ መጀመሪያ ሐኪም ልጠይቅ።»

«የትኛውን ሐኪም? እኔ አንሶላ እየሰጠሁ ያሳደግኋቸውን?» አሉና ወንበራቸውን ወደ ብርሃኑ አዞሩ። «እኔ ራሴ እየወሰድኩ ነው። እዪኝ እስቲ።»

አየቻቸው። እውነቱን ለመናገር ፊታቸው ቀላ ብሏል፣ ደረጃውንም ሳያርፉ ነበር የወጡት። ባሏ ትከሻውን ሰበቀ። ለሳምንታት ያልተኛ ሰው ደግሞ ጡብ ቢሰጡት ይውጣል። ዋጠች።

መጀመሪያ አካባቢ ደህና ነበር፤ ነገሩን የከፋ ያደረገውም ይኸው ነው። ጉልበት አገኘች፣ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽዋ አልቆራረጥ አለ። ጋሼንም አመሰገነች፤ ያቺን ምስጋና ዛሬ ስታስታውሳት ጥርሷን ታፋጫለች። ቀጥሎ ፊቷ ወዛ፣ አገጭዋ ላይ ብጉር ተሰለፈ። ትኬት ሻጯ ከመስኮቷ ብቅ ብላ «አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ ዕድሜሽ ልትጎረምሺ ነው?» አለቻት። ሾፌሮቹ ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ቀልድ መስሏት።

ከብጉሩ ጋር አገጭዋ ሥር ጥቁር ጥቁር ፀጉር ብቅ ሲል ግን አልሳቀችም። ጋሼ ዘንድ ሄደች። አገጭዋን ወደ መስኮቱ ቀና አድርገው እንደ ጨርቅ ገዢ መረመሩት።

«እየሠራ ነው ማለት ነው» አሉ። «ሰውነትሽ ውስጥ የተጠራቀመውን ቆሻሻ እየገፋ እያወጣው ነው። አሁን ማቆም የለብሽም። እንዲያውም ሁለት ሁለት አድርጊው።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ጋሼ የያዙት የብልቃጥ ወረቀት ነበር፤ ያውም የፊቱን ብቻ። እሷም ሁለት ሁለት አደረገችው።

ድምፅዋ የተሰበረው እኩለ ቀን ላይ፣ አዳራሹ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ሳለ ነው። «ወደ ሰሜን የምትጓዙ ተሳፋሪዎች» ስትል «ተሳፋሪዎች» የሚለው ቃል መሐል ላይ ተሰንጥቆ ግማሹ በእሷ፣ ግማሹ በማይታወቅ ጎረምሳ ድምፅ ወጣ። ከታች ሳቅ ተሰማ። ጉንፋን ነው ብላ ሙቅ ውሃ ጠጣች፣ ከረሜላ መጠጠች፣ አንገቷን በሻርፕ ጠቀለለች። ጉንፋን ያልፋል፤ ይሄ አላለፈም። ቀስ በቀስ ወረደ፣ ወፈረ፣ እዚያው ሰፈረ።

ክፍሏ ውስጥ ተሳፋሪ ስለ አውቶቡስ የሚጠይቅበት ስልክ አለ። የደዋዮቹ ሁሉ አፍ በአንዴ ተለወጠ። በእኛ ቋንቋ ሰው ሳያስበው በአንዲት ፊደል ወንድ ወይም ሴት ያደርግሃል። «ንገሪኝ» ይሏት የነበሩ ሰዎች «ንገረኝ» ይሏት ጀመር። «ወንድሜ፣ የጠዋቱ ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?» «ጌታው፣ እግዜር ይስጥህ።» መጀመሪያ ታርማቸው ነበር። በኋላ ማረሙ ከስድቡ ይልቅ አደከማትና ተወችው።

በመጨረሻ ብልቃጡን በቦርሳዋ ይዛ ክሊኒክ ሄደች። ሐኪሟ ጠና ያለች፣ ንግግሯ የረጋ ሴት ናት። ብልቃጡን አገላብጣ የጀርባውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው መስመር አነበበች።

«ማን አዘዘልሽ?»

«የባሌ ታላቅ ወንድም።»

«ሐኪም ናቸው?»

«ሆስፒታል ነበር የሚሠሩት። የአንሶላ ክፍል።»

ሐኪሟ አልሳቀችም። «እያንዳንዷ በሽተኛዬ አንድ የአንሶላ ክፍል ኃላፊ አላት» አለች። ከዚያ በወረቀት ላይ ኩላሊት ሣለችላት፤ ከኩላሊቱ በላይ ደግሞ ባርኔጣ የምትመስል ትንሽ ነገር። «ይቺ ዕጢ ናት። አንቺ የምትውጪውን ጥሬ ዕቃ እሷ ራሷ በልኩ ትሠራልሻለች። ሰውነትሽ ከዚያ የወንዱንም የሴቱንም ሆርሞን ያወጣል። ሴት ብንሆንም ከወንዱ ጥቂት ያስፈልገናል። አንቺ ግን ከውጭ አምጥተሽ ከመርሽበት። ትርፉን የት ያድርሰው? አንቺ ላይ ወደ ወንዱ አዘነበለ።»

«ሰውነት ያውቃል ብለውኝ ነበር።»

«ያውቃል። የሚያውቀው ግን የራሱን ልክ ነው።»

«ድምፄስ?»

ሐኪሟ መነጽሯን አወለቀች። «ከዛሬ ጀምሮ አቁሚው። ቆዳሽ ይጠራል። ፀጉሩም ቀስ እያለ ይቀንሳል። የድምፅ ጅማት ግን አንዴ ከወፈረ ወደ ነበረበት የሚመለሰው ከስንት አንዴ ነው። ገና ብጉሩ ሲጀምርሽ ብታቆሚው ኖሮ…» አለችና ተወችው። ያን ያልተጨረሰ ዓረፍተ ነገር ተሸክማ ወጣች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጥላለች።

ቤቷ እንደገባች ስልክ ጠራ። አንሥታ «ሃሎ» አለች። እናቷ ናቸው። እናትየው ሩቅ ከተማ ነው የሚኖሩት፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ሰው የሚያውቁት በድምፅ ነው።

«ደህና ዋልክ ልጄ፤ እስቲ እሷን አቅርብልኝ» አሉ እናት።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ እኮ።»

«ማን ነህ አንተ?»

«እኔ ነኝ፣ እማዬ። ልጅሽ ነኝ።»

«እኔ ወንድ ልጅ አልወለድኩም» አሉና ስልኩን ዘጉት።

ሴትየዋ የተዘጋውን ስልክ አስቀመጠች። ከዚያ ጫማዋን መልሳ አጠለቀችና ወደ ጋሼ ፍቱን ቤት አቀናች። መንገድ ላይ የሰላምታ ቃል ያቀረቡላት ሰዎች መልስ አላገኙም።

ጋሼ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ሁለት ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። በሩን ሲከፍቱ ያ ሁሉ ሙቀት እያለ ወፍራም ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። እሷ ይህን ልብ ለማለት ጊዜ አልነበራትም።

«ይቀመጡ፣ ጋሼ» አለች። «ዛሬ እኔ ነኝ የምናገረው።»

አንቱ እያሉ መቆጣት ከባድ ሥራ ነው። ንዴት አጭር ቃል ይፈልጋል፤ አንቱታ ደግሞ ግሱን ያስረዝመዋል። እሷ ግን ተወጣችው። «ምን አበሉኝ?» አለች። «የማያውቁትን ነገር አውቃለሁ ብለው ምን አበሉኝ? ጨው ሲከለክሉ ሳቅን። ሰው በአናቱ ሲያስተኙ ሳቅን። የሳቅነው እኛ ነን ጥፋተኞቹ። ዛሬ የወለደችኝ እናቴ አንተ ማን ነህ ብላ ስልክ ዘጋችብኝ። ይህን በየትኛው ክኒን ያድኑልኛል?»

ጋሼ ጉልበታቸው ላይ ያለውን አቧራ አራገፉ። ይህ ይባስ አናደዳት፤ እንባዋ መጣ። በእሳቸው ፊት ላለማልቀስ ተነሥታ ፊቷን ልትታጠብ መታጠቢያ ክፍል ገባች። እዚያ፣ ከቧንቧው በላይ በተወጠረች ገመድ ላይ፣ ሰፊ የላስቲክ ፋሻ ታጥቦ ተሰጥቷል። የተሰበረ ጎድን የሚታሰርበት ዓይነት ነው። አጠገቡ ሁለተኛ አለ።

ይዛው ወጣች። «ማን ቆስሎ ነው?»

ጋሼ ፋሻውን አይተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ የኮታቸውን የላይኛውን ቁልፍ ፈቱ፣ ሁለተኛውን ፈቱ፣ እዚያ ላይ እጃቸው ቆመ።

«ደረቴ ነው» አሉ በቀስታ። «ለእኔ… በሌላ በኩል ወለደችልኝ።»

ወዲያው አልገባትም። ሲገባት ሳቅ መጣባት፤ የተናደደ ሰው የሚስቀው፣ ጉሮሮ የሚያቆስለው ሳቅ። እሷን ጎረምሳ ያደረገች ክኒን እሳቸውን ጡት አውጥታላቸዋለች። ያን ሁሉ ሙቀት በኮት የሚውሉት ለዚህ ነው። ሳቋን ግን አንድ ሐሳብ አቋረጠው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ጋሼ የፈቱትን ቁልፍ መልሰው ቆለፉ። «ክረምቱ ሳይወጣ።»

«ያን ጊዜ እኔ ብጉር ብቻ ነበረብኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ሁለት ሁለት አድርጊው ያሉኝ ከዚያ በኋላ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።» አሉ ጋሼ። «ለእኔ ያልሆነው ስላረጀሁ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። አንቺን አቁሚ ብል፣ ለምን ትይኛለሽ። ምን ብዬ ልንገርሽ? ወንድ ልጅ ጡት አወጣሁ ብሎ ለወንድሙ ሚስት እንዴት ይናገራል? አፈርኩ።»

ሴትየዋ ፋሻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አሁን አትጮህም ነበር።

«እርስዎ አፍረው ዝም አሉ» አለች። «ዝም እንዳሉ ድምፄ ሄደ። ባያውቁ ይቅር ብዬዎት ነበር፣ ጋሼ። አላዋቂ ብዬ አልፍዎት ነበር። እርስዎ ግን አውቀው ነው የተዉኝ።»

ጋሼ ፋሻውን ከጠረጴዛው አንሥተው መጠቅለል ጀመሩ።

«ከእኔ ሌላ ለማን ሰጡ?»

«ለፀጉር አስተካካዩ። ለትምህርት ቤቱ ጥበቃ። ፎቅ ላይ ላለችው መበለት።»

«ዛሬውኑ ዞረው ይሰብስቡ።»

«ምን ብዬ?»

«ሲሰጡ ምን እንደሚሉ አልጠፋዎትም ነበር» አለችና ደህና ዋሉም ሳትል ወጣች።

ቤት ስትገባ ለባሏ የሆነውን ነገር ግማሹን ነገረችው። የጋሼን ደረት ነገር ዘለለችው፤ ለምን እንደዘለለችው ራሷም አታውቅም። ባሏ የዋህ ሰው ነው። «እሱ እኮ ለክፉ ብሎ አይደለም» አለ።

«ለክፉ ብለው ቢሆን ኖሮ እጠነቀቅ ነበር» አለችው።

በዚያው ሰሞን የመናኸሪያው ኃላፊ ቢሮው አስጠራት። ወንበሩ ላይ እየተመቻቸ፣ ዓይኗን እየሸሸ፣ ተሳፋሪ ቅሬታ ማቅረቡን ነገራት። «ጨክነን አይደለም» አለ። «ድሮ የቀዳነው ድምፅሽ አለ እኮ። ‘ሻንጣዎን ከአጠገብዎ አይለዩ’ የሚለው። መሐንዲሱ ከእሱ ላይ ቃላቱን እየቆረጠ የሁሉንም አውቶቡስ ጥሪ ሊሠራልን ይችላል። አንቺ ዕቃ ክፍል ትቀመጫለሽ፣ ደመወዝሽ አይነካም።»

ሰው በማሽን ሲተካ አይታለች። በራሱ ድምፅ ሲተካ ግን አላየችም። ያቺ በማሽኑ ውስጥ ያለችው ቀጭን ድምፅ ያላት ሴት፣ እንቅልፍ የማታጣው፣ ብጉር የማይወጣባት፣ እናቷ የምታውቃት ሴት፣ ወንበሯን ልትቀማት ነው። ደሟ ፈላ።

«ተሳፋሪው የሚፈልገው አውቶቡሱን ነው ወይስ እኔን?» አለችው። መልሱን ሳትጠብቅ ደረጃውን ወጣች፣ ማይክሮፎኑን ከፈተች፣ የሚነሡትን አውቶቡሶች በሙሉ በአዲሱ ድምፅዋ ጠራች። አላሳመረችውም፣ አላቀጠነችውም፤ እንደመጣላት ለቀቀችው። ንዴቷ ውስጡ ነበር። አዳራሹ ጸጥ አለ። ሰዎች ሻንጣቸውን አንሥተው ተንቀሳቀሱ። ኃላፊው ከታች ሆኖ ሽቅብ አያት፣ ጭንቅላቱን አከከ፣ ወደ ቢሮው ተመለሰ።

ከሰዓት በኋላ ትኬት ሻጯ ወጥታ ነገረቻት። ጆሯቸው የከበደ አንድ ሽማግሌ መስኮቷ ላይ ቆመው «ሰውየው ማነው? ስንት ዓመት ስመላለስ ዛሬ ገና የአውቶቡሴን ስም ሰማሁ» ብለዋል። ወፍራም ድምፅ ለደነዘዘ ጆሮ ይቀናል። ሴትየዋ ይህን ሰምታ ደስ አላላትም። ሰውየው መባሏ አንገበገባት፤ መስማታቸው ደግሞ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ አሳረፋት።

ፀጉር አስተካካዩ ወደ መናኸሪያው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዘመድ ጥየቃ ሊሄድ ትኬት ቆርጦ፣ ሊሰናበታት ሽቅብ ወጣ። ወደ ግራ የማይዞር አንገቱን ይዞ ከነመላ ሰውነቱ ዞሮ በሩን ዘጋ።

«ጋሼ ሱቄ መጥተው ብልቃጡን መልስ አሉኝ» አለ። «አልመልስም አልኳቸው። እንደ ኮርማ ሆኛለሁ፣ ምን በወጣኝ። ሱቁ በደንበኛ ሞልቷል። እሳቸውም ለመኑኝ፤ እምቢ አልኩ። ታዲያ ሄደው መስታወቱ ፊት ቆሙና ኮታቸውን አወለቁ። ሸሚዛቸውን አወለቁ። ደረታቸው በፋሻ ታስሯል፤ እሱን መፍታት ጀመሩ። እኔ መቀሱን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሲጨርሱ፣ ‘አየህ? አንተም ጋ ይመጣል’ አሉኝ። ሌላ አንድ ቃል አልተናገሩም።»

«ሰው ሳቀባቸው?»

«አንዱ ሳቀ። ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ ነው ያስወጣሁት።» ፀጉር አስተካካዩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ብልቃጡን ሰጠኋቸው። ጥበቃውና መበለቷ ዘንድም እንዲሁ አድርገዋል አሉ። መበለቷ ፊቷን ሸፍና ነው የመለሰችው።»

ሴትየዋ እንደገና ተናደደች። ይሰብስቡ እንጂ ራስዎን ገበያ ያውጡ ማን አላቸው? ያን የሚያህል ሰው፣ ለሰው ክኒን እንጂ ገበናውን ሰጥቶ የማያውቅ፣ በሰው ሱቅ መስታወት ፊት ሊራቆት ማን አዘዘው? ቀኑን ሙሉ ከንፈሯን ስትነክስ ዋለች። ጥሪዎቹን ግን አንድም አላሳሳተችም።

ሐኪሟ ጋሼንም አየቻቸው። ክኒኑ ቢቆምም ያበጠው ሥጋ አልሟሟም፤ በቀዶ ሕክምና መውጣት ነበረበት። ጋሼ አብሯቸው እንዲሄድ ወንድማቸውን አልፈለጉም። የጠየቁት እሷን ነው፤ ያውም ራሳቸው ሳይሆኑ በሐኪሟ በኩል። «አልሄድም» አለች። ሄደች።

ከቀዶ ሕክምናው ማግስት አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣለች። አንሶላው ተቀዳዷል። በድሮው ጊዜ ቢሆን ጋሼ ስለዚህ አንሶላ ሆስፒታሉን ያስጨንቁት ነበር፤ አሁን ጣራውን ነው የሚያዩት። ከጎናቸው ያለው በሽተኛ ሆዱን ይዞ «ነፋኝ፣ መላ አጣሁለት» እያለ ያቃስታል። ሴትየዋ ጋሼን በጎን አየቻቸው። እንዲህ ያለ የተመቻቸ ሆድ በሕይወታቸው አጋጥሟቸው አያውቅም። አልተነፈሱም። ሰውየው ደግሞ አቃሰተ። ጋሼ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ይህ አስፈራት። ስትናደድባቸው የከረመችው ሰውዬ አልጋው ላይ አልነበሩም። ባሏን ጨው ከልክለው ሲያበቁ በየማለዳው እየመጡ ቁርጭምጭሚቱን የሚያዩት፣ እሷ ስትታመም ከሁሉ ቀድመው በሩን የሚያንኳኩት፣ አንድ ቀን እንኳ ባዶ እጃቸውን መጥተው የማያውቁት፤ እኒያ ሰው ጠፍተዋል። ንዴቷ የሚያርፍበት ቦታ አጣ።

«ሥራሽ እንዴት ነው?» አሉ ጋሼ፣ ግድግዳውን እንዳዩ።

«ደህና ነው።» የሽማግሌውን ነገር ልትነግራቸው አፏን ከፍታ ተወችው። ይህን ከሰሙ ክኒኑን ለመናኸሪያ አስተዋዋቂዎች ሁሉ ማዘዛቸው አይቀርም።

ትንሽ ቆየችና ወንበሯ ላይ ተመቻቸች። «እኔ እንኳ ወገቤን አሞኛል» አለች።

ጋሼ ዞሩ። አፋቸው ተንቀሳቀሰ። የሚያዝዙት መላ ከደረታቸው ተነሥቶ ጉሮሯቸው ሲደርስ፣ ከዚያ ሲመለስ፣ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር።

«ሐኪም ይይሽ» አሉ።

«ሐኪምን አልጠየቅሁም» አለች፣ በዚያ ወፍራም ድምፅዋ፣ ቆጣ ብላ። «እርስዎን ነው የጠየቅሁት።»

ጋሼ በሩን አዩ። ነርሷ የለችም። ጎረቤታቸው ዓይኑን ጨፍኗል። ራሳቸውን ከትራሱ ቀና አድርገው፣ በሹክሹክታ፣ «ፍል ውሃ» አሉ። «በፕላስቲክ ጠርሙስ። ፎጣ ትጠቀልይበትና ከወገብሽ ሥር ታደርጊዋለሽ። ሌላ ምንም የለውም። የሚዋጥ ነገር የለውም።» ከዚያ እንደገና ተጋደሙ። ፊታቸው ላይ ትንሽ ደም የተመለሰ መሰለ።

ያን ዕለት ምሽት ባሏ ጠርሙስ ውስጥ ፍል ውሃ ስትቀዳ አገኛት።

«ለምንሽ ነው?»

«ለወገቤ።»

«ወገብሽ መቼ አመመሽ?»

«አላመመኝም» አለችና ፎጣ ጠቅልላበት ከወገቧ ሥር አድርጋ ተኛች።